ስለ ገንዳው ወለል

በመስታወት ገንዳ ውስጥ የባሕር ውሃ አዘጋጅቶ ኮራልና ዓሣ ማኖር የሚወድ ሰው፥ ገና ውሃው ሳይሞላ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወለሉን አሸዋ ላልብሰው ወይስ መስታወቱን እንዲሁ ባዶውን ልተወው የሚል ነው። ነገሩ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ይመስለዋል። ነገር ግን በገንዳው የሚገባው ፍጥረት እንደ ባሕሩ ወገኖቹ ስፍራው ባይመቸው ጥሎ የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ እኛ ባነጠፍንለት ላይ ይኖራል፥ ወይም ይሞታል። ስለዚህ ወጣቱ አንባቢዬ ሆይ፥ ጉዳዩን ከእኔ ጋራ ጥቂት እንድትመረምረው እለምንሃለሁ።

አስቀድሞ የቆሻሻውን ነገር እንመልከት። ዓሣ ይበላል፥ ኩሱንም ይጥላል፤ ከምግቡ የተረፈውም ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ያወጣል፤ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎችም አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደ ቀለለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ግን ሲጠራቀም ኮራሉን ያደክመዋል፤ አረንጓዴውም ዝቃጭ በየድንጋዩ ይነግሣል። በሰፊው ባሕር ይህን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስደው ማዕበሉና የውሃው ብዛት ነው፤ በ200 ሊትር ገንዳ ግን ጠራጊው ባለቤቱ ነው።

ባዶ ወለል የሚመርጡ ሰዎች የሚሉት ይህን ነው፤ ቆሻሻው ይታይ፥ ከታየ ይወጣል። በእርግጥም በባዶ መስታወት ላይ አንዲት የምግብ ፍርፋሪ ብትወድቅ ትታያለች፤ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተስቦ ለማውጣትም የሚፈጀው ጊዜ ቡና ከሚፈላበት አይበልጥም። ደግሞም አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ብርቱ የውሃ ግፊት ይወዳል፤ ከታች ደቃቅ አሸዋ ካለ ግን ግፊቱ እያነሣ በኮራሉ ላይ ይበትነዋል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ውስጥ ስለሚኖሩ፥ ያለ አሸዋም ሥራቸውን አይተዉም። ባዶው መስታወት በመጀመሪያ እንደ ሐኪም ቤት ክፍል ዓይን ያስጠላል፤ ወራት ሲያልፉ ግን ሐምራዊ ቅርፊት የመሰለ የባሕር ተክል ይለብሰውና መስታወት መሆኑም ይረሳል።

የአሸዋ ወዳጆችም ያለ ምክንያት አይናገሩም። ወለሉ ነጭ አሸዋ የሆነ ገንዳ ባሕሩን ይመስላል። በብዙ የኮራል ዳርቻ የሚታየው ነጭ አሸዋ ራሱ፥ መንቁረ ብርቱ የሆነው የፓሮት ዓሣ የኮራሉን አጥንት እየቆረጠመና እየፈጨ በሆዱ አሳልፎ የሚጥለው ነው። (ሰው በባዶ እግሩ እየተመላለሰ የሚደሰትበት የባሕር ዳር የዓሣ ኩስ መሆኑን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እኔ ግን ይህን መንገር ደስ ይለኛል።) በአሸዋው ውስጥ ትሎችና ጥቃቅን ፍጥረታት ትርፍራፊውን ይመገባሉ። አሸዋው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ደግሞ፥ ኦክስጅን በማይደርስበት ከታችኛው ክፍል የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይሰዱታል። ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ዦቤር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በሞናኮ፥ በ1910 በተከፈተው የውቅያኖስ ሙዚየም፥ ከጎረቤታችን ከጅቡቲ ባሕር የመጣ ኮራል ያኖሩት በዚህ መንገድ ነበር፤ ከአሸዋው ሥር ባዶ የውሃ ስፍራ እየተዉ።

ጥልቅ አሸዋ ግን የራሱ ዕዳ አለው። ርዝመቱ 90፥ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ቢነጠፍ ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ጠረጴዛው ይህን መቻል አለበት። ከቆየ በኋላ በግዴለሽነት ቢያገላብጡትም፥ ከሥሩ የታመቀው የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ወጥቶ ዓሣውን ሊፈጅ ይችላል።

ከሁለቱም ወገን የምታዘባቸው አሉ። አሸዋ ካነጠፉ ወዲያ ገንዳውን ለትሎቹ አደራ ብለው የሚተዉት፥ ቤቱ ሳይጠረግ በላዩ ቄጤማ ጎዝጉዞ እንግዳ እንደሚጠራ ሰው ናቸው። ባዶውን ወለል መርጠው ቱቦውን የማያነሡት ደግሞ ባዶነትን ንጽሕና ብለው የሚጠሩት ናቸው፤ እነዚህኞቹ በእኔ ፍርድ ይብሳሉ፤ ቆሻሻውን በየቀኑ እያዩት ዝም ይላሉና።

እኔ በምኖርበት በአሜሪካ አገር የወንድሜ ልጅ ባዶ ወለል ያለው ገንዳ አለው፤ በንጽሕናውም እጅግ ይኮራል። ሃሊኮሬስ ከሚባለው ወገን አንድ ቢጫ ዓሣ ገዝቶ አምጥቶ ነበር። ይህ ዓሣ ሲመሽ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያድር ነው፤ ሻጩም ይህን አልነገረውም። መብራቱ በጠፋ ጊዜ ዓሣው በአፍንጫው ወደ መስታወቱ ሲወረወር፥ ተመልሶም ሲወረወር አየን።

«ጋሼ፥ ወለሉ እኮ ንጹሕ ነው፤ ምን ጎደለው?» አለኝ።

«ንጽሕናው ያንተ ነው፤ እሱ የሚተኛበት የለውም» አልሁት።

ልጁ ነገር የሚገባው ነው። ወዲያው ከጓዳ ጎድጓዳ ሳህን አምጥቶ ከእኔ ባገኘው ደቃቅ አሸዋ ሞላና ከገንዳው ጥግ አስቀመጠው። በማግስቱ ማታ ዓሣው ሳህኑን ሁለት ጊዜ ዞረና በራሱ ተተክሎ ገባ፤ ጭራው ብቻ ጥቂት ቆየች፥ እሷም ተሰወረች። ልጁ መብራቱን ካጠፋ በኋላ እንኳ ከወንበሩ አልተነሣም።

ለራሴ ገንዳ እኔ የመረጥሁት ባዶውን ወለል ነው፤ አክሮፖራ ስለምወድ፥ ደግሞም ያላየሁትን ነገር የማላጸዳ ሰው መሆኔን ስለማውቅ። ምርጫዬ ግን ያስቀረብኝ ነገር አለ። በቀይ ባሕር አሸዋ ላይ አንዲት ትንሽ ዓሣና ዓይኑ የደከመ ሽሪምፕ በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ፤ ሽሪምፑ ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል፥ እሷም ከደጃፉ ትጠብቃለች። ሽሪምፑ ሲወጣ በአንቴናው ይነካታል፤ አደጋ ስታይ ጭራዋን ታራግባለች፥ ሁለቱም ይገባሉ። በሳህን አሸዋ የሚኖሩ አይደሉምና አላመጣኋቸውም። ሳያቸው መዋል ሲያምረኝ አሸዋውን በሚገባ ከሚይዝ አንድ ወዳጄ ቤት እሄዳለሁ፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስም ከገንዳው ፊት እቀመጣለሁ።