«ፎርማት ይደረግ»

ዛሬ አንድ ላፕቶፕ ከፎርማት ተርፏል። እልል በሉልኝ።

ላፕቶፑ የጎረቤታችን ልጅ ንብረት ነው፤ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የጫንኩለት ጊዜ እናቱ «አንተ ልጅ፣ ምን አስነካኸው ኮምፒውተሩን?» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። የላፕቶፑ ዋይፋይ ስለሞተ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዋይፋይ ገዛ። ድራይቨሯ ተዘጋጅቶ አይመጣም፤ ከሶርስ ኮድ እዚያው ማሽኑ ላይ መገንባት አለበት። ጓደኛው ኮዱን በፍላሽ አመጣለት፤ ተርሚናል ከፍቶ «ሜክ» ብሎ ጻፈ። እምቢ። የመጫኛ ስክሪፕቱን ሞከረ። እሱም እምቢ። ይሉኝታ ይዞት ነው መሰል እኔን ሳይጠይቅ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰደው። ባለሙያው ስክሪኑን ገረፍ አድርጎ አየና ፈረደ፦ «ሊኑክስ ስለሆነ ነው። ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ ይጫንበት።»

ጎበዝ፣ የአራት ዓመት የትምህርት ፋይል ያለበት ላፕቶፕ እኮ ነው!

ደግነቱ ፎርማት ሳያስደርግ ወደ እኔ አመጣው። ስክሪኑ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። «ሜክ የሚባል ኮማንድ አልተገኘም፤ ግን እንዲህ ብለህ መጫን ትችላለህ» ይልና ከሥሩ የሚጻፈውን ኮማንድ ራሱ ያስቀምጣል። ስክሪፕቱ ደግሞ «ጂሲሲ የለም» ይላል፤ ጂሲሲ ማለት ሶርስ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ነው። ማሽኑ የጎደለውን በስሙ ጠርቷል፤ መድኃኒቱንም ጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ደውሎ ይንገረን?

ኮምፓይለር አብሮ አለመምጣቱ ብልሽት እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ሰው ተገንብቶ ያለቀ ፓኬጅ ስለሚጭን፣ ብዙዎቹ የዴስክቶፕ ሊኑክሶች ኮምፓይለሩን ለሚፈልገው ሰው ብለው ለብቻ ያስቀምጡታል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል» ነው፤ ጂሲሲን፣ ጂ ፕላስ ፕላስን፣ ሜክንና የሲ ላይብረሪ ሄደሮችን ሰብስቦ ያመጣል። አርች ላይ «ቤዝ-ዴቬል» ይባላል። ድራይቨር ከሆነ ደግሞ አሁን ከሚሠራው ከርነል ጋር የሚገጥም «ሊኑክስ-ሄደርስ» ይጨመራል። በቃ ይኸው ነው።

በልጁ ግን አልፈርድም። ለምን መሰላችሁ? የሲ ቋንቋን የተማርነው በወረቀት ነዋ!

የኔ ዘመን ሰዎች፣ ትዝ ይላችኋል? ፈተናው ላይ «የሚከተለውን የሚሠራ ፕሮግራም ጻፍ» ይባላል፤ በእስኪርብቶ ኢንክሉድ ብለን፣ ሜይን ብለን፣ ቅንፍ ከፍተን እንጽፋለን። ኮምፓይለሩ መምህሩ ናቸው። ቤታቸው ወስደው፣ ራት በልተው፣ በቀይ ያርማሉ። ሴሚኮለን ከረሳህ ግማሽ ማርክ። ሁለት ከረሳህ አንድ። በየትኛው መስመር ላይ ምን እንደጎደለ የሚናገር ጽሑፍ የለም፤ አንድ ትልቅ ኤክስ ብቻ ነው። ሄደህ ብትጠይቃቸው «ማስታወሻህን አንብብ» ይሉሃል። ጂሲሲ ቢያንስ የመስመሩን ቁጥር ይነግርሃል፤ አንዳንዴም «ይህን ለማለት ፈልገህ ይሆን?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። የኛ ኮምፓይለር አኩርፎ ቢሮውን ይቆልፋል።

ኋላም ኮምፓይለር ዲዛይን የሚባል ኮርስ ወሰድን። ፓርስ ትሪ ሣልን፣ ቶክን ቆጠርን፣ ሰንጠረዥ ሞላን። ጥሩ ኮርስ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ያ ሁሉ ሲሆን ጂሲሲን ማሽን ላይ ጭኖ «ይኸው፣ ኮምፓይለር ማለት ይሄ ነው፤ እንደማንኛውም ፕሮግራም ይጫናል፣ ይጠፋል፣ ይጎድላል» ያለን ሰው አልነበረም። ኤ ያመጣው ጓደኛችን ከምረቃ በኋላ ኤረር ባየ ቁጥር ላፕቶፑን የሚዘጋው ለዚህ ነው። ኤረር በኛ ዘንድ ቅጣት ነበር፤ መረጃ ሆኖ አያውቅም።

እና የጂሲሲ ታሪክ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ሪቻርድ ስቶልማን ጂሲሲን ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የተገነባው በጂሲሲ ነው። ጂሲሲ ራሱ እንዴት እንደሚገነባ ደግሞ ስሙ። ኮምፓይለር ለመገንባት ኮምፓይለር ያስፈልጋል። በነባሩ ኮምፓይለር አንድ ጊዜ ይገነባል፤ የተገነባው ራሱን እንደገና ይገነባል፤ ያም ሌላ ራሱን ይገነባል። ከዚያ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተነጻጽረው ካልተመሳሰሉ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህንን ቦርዱ ላይ ቢነግሩን ኖሮ ስንቶቻችን ከኋላ ወንበር እንነቃ ነበር።

ኬን ቶምፕሰን በ1983 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ያደረገው ንግግርም በዚሁ ጉዳይ ነው። ኮምፓይለሩ ውስጥ የተደበቀ ተንኮል ሶርስ ኮዱ ላይ ሳይታይ ከኮምፓይለር ወደ ኮምፓይለር ሊተላለፍ እንደሚችል አሳየ። ያላነበባችሁት ፈልጋችሁ አንብቡት። ጥቂት ገጽ ናት።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ላፕቶፑ።

ችግሩ ምን ሆነ፦ ኮምፓይለሩ የሚመጣው በኢንተርኔት፣ ኢንተርኔቱ በዋይፋይ፣ ዋይፋይዋ በድራይቨር፣ ድራይቨሩ በኮምፓይለር። እንቁላልና ዶሮ። ልጁ «ጋሼ፣ ታዲያ ከስልኬ ሆትስፖት ልክፈት?» አለኝ። ሆትስፖትም ዋይፋይ ነው፣ ወንድሜ። ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አበራ። ኡቡንቱ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። ከኢንተርኔት ፓኬጁ ትንሽ ተበላ፣ ቢልድ-ኢሴንሻል ገባ።

ልጁ እንደገና «ሜክ» ብሎ ጻፈ። ማሽኑም መለሰ፦ «ጂሲሲ-12 አልተገኘም።»

«ጋሼ፣ አሁን ጫንነው አይደል እንዴ?» ፊቱን ብታዩት! ኮምፒውተር ቤቱን ለማመን ትንሽ ቀርቶት ነበር። አሁንም መልሱ እዚያው መስመር ላይ ነው፤ ቁጥሯን ማየት ብቻ ነው። የሱ ኡቡንቱ 22.04 ነው፤ እዚያ ቢልድ-ኢሴንሻል የሚያመጣው ጂሲሲ 11ን ነው። በዝማኔ የመጣለት 6.5 ከርነል ግን የተገነባው በ12 ስለሆነ፣ ድራይቨሩም በዚያው በ12 እንዲገነባ ይፈልጋል። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂሲሲ-12» አለና ሜክን ደገመ። ዋይፋይዋ ተነሳች። እናቱ ቡና አፈሉ፤ እኔም ምሕረት ያገኘሁ ይመስለኛል።

አሁን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ጓደኞቼ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ በዚህ ሴሚስተር አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ስጡልኝ። ኮምፓይለሩን አጥፉት፤ ተማሪው ኤረሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ራሱ ይጫነው። ማርክም ስጡበት። ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ ደግሞ ፎርማት ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አንብቡ። የሰው ፋይል ነው።