ቲቸር፣ አየር ቢገባበትስ?

ይህን የምጽፈው ለአንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ካነበበው ራሱን ያውቃል። ሌሎቻችሁም፣ በተለይ ሞተር ያላችሁ፣ አብራችሁ አንብቡ። አትጎዱበትም።

ባለፈው የኪዳነ ምሕረት ዕለት እናቴ ጠበል አምጣልኝ ብላኝ በጠዋት በሞተር እንጦጦ ወጣሁ። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ከኋላ አሰርኩና ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ጀመርኩ። ቁልቁለቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠበሉ እንዳይፈስ ብዬ ከላይ ጀምሮ የፊት ፍሬኑን ጨበጥ አድርጌ በዝግታ ነበር የምወርደው። መሐል ላይ ስደርስ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች መንገዱን ሲሻገሩ አየሁና ፍሬኑን ጠበቅ ሳደርገው... የለም። እጀታው እንደ ስፖንጅ ሆኖ እስከ መሪው ድረስ ገባ።

ቶሎ ቶሎ ማርሽ ቀነስኩ፣ የኋላውን ፍሬን በእግሬ ረገጥኩ። የኋላው በብረት ዘንግ የሚሳብ ስለሆነ ፈሳሽ የለውም፣ እሱ ነው ያተረፈኝ። እየተንሸራተትኩ ሄጄ ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። አንዷ እናት ዘወር ብለው "ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" አሉኝ። እየቸኮልኩ እኮ አልነበረም። ግን ምን እላቸዋለሁ? "ይቅርታ እናቴ" ብዬ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሚገርመው፣ 20 ደቂቃ ያህል አርፌ እጀታውን ስጨብጠው ጠንካራ ነው። ምንም ያልሆነ ይመስላል። ያም ሆኖ በ1 ማርሽ እያዘገምኩ ወረድኩ፣ ቀራንዮ እስክገባም የፊት ፍሬኑን አላመንኩትም። (ጠበሉ አልፈሰሰም፣ እናቴ ተቀብላለች።)

ቤት ስደርስ መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ የፍሬን ዘይት ማስቀመጫ አየኋት። አዲስ ሲሆን ፈዘዝ ያለ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ ቡና መስሏል። ይህ ሞተር በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር እገዳ ሲመጣ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ጎማ ቀይሬለታለሁ፣ የሞተር ዘይት ቀይሬለታለሁ። የፍሬኑን ግን ሲጎድል መጨመር እንጂ አንድም ቀን ቀይሬው አላውቅም። የሚያልቅ እንጂ የሚበላሽ አይመስለኝም ነበር።

ስሙ ነው ያሳሳተኝ። "የፍሬን ዘይት" እንበለው እንጂ ዘይት አይደለም። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል ዘር የሚሠሩ ናቸው፣ እርጥበት ይወዳሉ። ከአየር ላይ በላስቲክ ቱቦው በኩል ሳይቀር ቀስ በቀስ ውሃ ይስባሉ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ከመቶ 4 እጅ የሚጠጋ ውሃ ሲገባበት ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ ዲስኩን ያግለዋል፣ ሙቀቱ በሸራው አልፎ ፈሳሹ ጋ ይደርሳል። ያረጀው ፈሳሽ ይፈላና እንፋሎት ይሠራል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፍሬኔ "ራሱ የዳነው" በዚህ ምክንያት ነው። አልዳነም ማለት ነው።

ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ ዶት 4 ገዛሁ። የትኛው እንደሚገባ የማስቀመጫው ክዳን ላይ ተጽፏል፣ እሱን ተከተሉ። ዶት 5 የሚባለው ሲልከን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። ሻጩ "የተከፈተ ግማሽ አለ፣ በቅናሽ ልስጥህ" አለኝ። ይቅርብኝ አልኩ። የተከፈተ ጠርሙስ እርጥበት መጠጣት ጀምሯል። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦና ስሪንጅ፣ ከጎረቤት 8 ቁጥር ቁልፍ፣ ከቤት ባዶ ሃይላንድ። ዕቃው ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማስቀመጫዋ ቀጥ እንድትል መሪውን ታዞራላችሁ። ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍታችሁ አሮጌውን በስሪንጅ ትስባላችሁ፣ አዲሱን ትሞላላችሁ። ታች ጎማው ጋ የፍሬኑ ማቀፊያ ላይ አየር ማውጫ ብሎን አለ። ቱቦውን እሱ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ሃይላንዱ ውስጥ ታደርጋላችሁ። አንድ ሰው እጀታውን ደጋግሞ ጨብጦ ይይዛል፣ ሌላው ብሎኑን ላላ ያደርጋል፣ አሮጌው ይወጣል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጀታው ይለቀቃል። ላይ ያለው ፈሳሽ ባዶ እንዳይሆን እየሞላችሁ፣ ንጹሕ እስኪወጣ ትደጋግማላችሁ። ፈሳሹ ቀለም ይበላል። ታንከር ላይ ከነካ ወዲያው በውሃ እጠቡት። እኔ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ምልክቱ ቀርቶብኛል።

ባለቤቴን እጀታውን አስያዝኳት።

"ጨብጪ!"
"ጨብጫለሁ!"
"እንዳትለቂ!"
"ለቅቄዋለሁ እኮ፣ አሁን አይደል ያልከኝ?"

አከራያችን እትዬ ከበራቸው ብቅ ብለው "ልጆች፣ ምን ሆናችሁ ነው?" አሉ። የተጣላን መስሏቸው ነው።

ብሎኑ ሳይጠብቅ ስለተለቀቀ አየር ወደ ውስጥ ተሳበ። ይባስ ብሎ በጭቅጭቁ መሐል ላይኛዋን መሙላት ረሳሁ። በመጨረሻ የሚወጣው ፈሳሽ ጠርቷል፣ እጀታው ግን እንደዚያ ቀን እንደ እንጦጦው ልፍስፍስ ነው። ቱቦው ውስጥ አረፋዎች ሲያልፉ እያየሁ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ያኔ ነው ያ ልጅ ትዝ ያለኝ።

ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ የፓስካልን ሕግ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ አንድ ጠባብ፣ አንድ ሰፊ ፒስተን ሳልኩ። "የታችኛው ስፋት የላይኛውን 6 እጥፍ ከሆነ ኃይሉም 6 እጥፍ ይሆናል፣ የመኪና ፍሬን የሚሠራው እንዲህ ነው" አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ አየር ቢገባበትስ?"

"ፈተና ላይ አይመጣም፣ ቁጭ በል" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ።

እውነቱን ልናገር፤ መልሱን አጣርቼ አላውቀውም ነበር። አለማወቄ እንዳይታይብኝ ነው ያስቀመጥኩት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። አስተውያለሁ። ዝም አልኩ።

መልሱ ይኸው። ፈሳሽ ሲጫኑት እምብዛም አይጨመቅም፣ ስለዚህ እጅህ ላይ የፈጠርከው ግፊት ታች ድረስ ይደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። እጀታው የሚጓዘው አጭር መንገድ አረፋውን በመጭመቅ ብቻ ያልቃል፣ በቂ ግፊት ሳይፈጠር እጀታው መሪው ጋ ይደርሳል። የፓስካል ሕግ አልተሻረም፤ የሚተላለፍ ግፊት ነው የጠፋው። የፈላ ፈሳሽ እንፋሎትም ሥራው ያው ነው።

እንደገና ጀመርን። ቱቦውን በቁልፍ እጀታ ቀስ እያልኩ መታ መታ ሳደርግ አረፋዎቹ ወደ ላይ ወጡ። ባለቤቴም "አሁን ልቀቂ" እስክላት አለቀቀችም። እጀታው ሲጠነክር ጨለማ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በማግስቱ ኮብልስቶኑ ላይ በእግር ፍጥነት ደጋግሜ ሞክሬ ነው መንገድ የወጣሁት።

ሞተር ያላችሁ፣ ዛሬ ክዳኗን እዩ። ቡና ከመሰለ ወይም ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። ፍሪሲዮናችሁ በገመድ ከሆነ፣ እኛ አገር ብዙው እንደዚያው ነው፣ እሱ ፈሳሽ የለውም። በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ ሥራው ተመሳሳይ ነው። እጀታው ካልጠነከረላችሁ ደግሞ አትንዱት፣ ባለሙያ ጥሩ። አሮጌውን ፈሳሽ በሃይላንድ አታስቀምጡ፣ ልጅ ይጠጣዋል።

አንተ ደግሞ፤ ጥያቄህ ትክክል ነበር፣ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይቅርታ። አሁን ይህን ትምህርት ሳስተምር ሁለት ስሪንጅ ይዤ እገባለሁ፣ አንዱ ውሃ፣ አንዱ አየር። ጫፉን በጣታቸው ደፍነው እንዲጫኑት አደርጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን "አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ ነበር" ብዬ ነው የምጀምረው።

ኢንቦክስ ክፍት ነው።