ኑግ በወፍ መደርደሪያ ላይ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ከእህቴ ጎረቤት በረንዳ ሥር ጥቁር ፍሬ ተበትኖ አየሁ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። ቀጠን ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ነው። አንዱን በጥርሴ ሰበር ሳደርገው የማውቀው ቅባት ምላሴ ላይ ቀረ። ኑግ!

«እታለም፣ እዚህ ሰፈር ኑግ የሚወቅጥ ሰው አለ እንዴ?» እያልኩ ገባሁ።

«የምን ኑግ? የወፍ ምግብ ነው እሱ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ናቸው የሚሰቅሉት» አለችኝ፣ እንጀራውን ከማቀዝቀዣ እያወጣች።

መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት። አንስታ አሸተተችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሜሪላንድ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሮጥ በዚያ ፍሬ ላይ እየረገጠች አልፋለች።

የሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ነበር። ልጆች ሳለን፣ ደብረ ማርቆስ፣ እናታችን ኑጉን ቆልታ ከባቄላ ቆሎ ጋር ትወቅጥና ልጥልጥ ታደርግልን ነበር። ጣታችን ጠቁሮ፣ ከንፈራችን ወዝቶ እንውል ነበር። በመስከረም መጨረሻ የጎጃም መስክ በኑግ አበባ ቢጫ ሲለብስ ያየ ሰው ይህን ፍሬ በሌላ ስም ሊጠራው አይችልም። ሳይንቲስቶቹ እንኳ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ብለው አገሩን ከስሙ ጋር አስረውለታል።

ከሰዓት በኋላ የአትክልት መሣሪያና የእንስሳት መኖ የሚሸጥ አንድ ትልቅ መደብር ሄድን። የወፍ ምግብ ብቻ የሞላበት ረጅም መደርደሪያ አለ። ኑጉ በአምስት ኪሎና በአሥር ኪሎ ከረጢት ተደርድሯል፤ ከረጢቱ ላይ ጎልድፊንች የሚሏት ትንሽ ቢጫ ወፍ ተስላለች፤ ስሙ «ናይጀር» ይላል። ለረጅም ጊዜ የኮሸሽላ ዘር ነው እያሉ ሲሸጡት ኖረዋል፤ ኮሸሽላ ግን አይደለም። የወፍ ምግብ ነጋዴዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 ለአጠራር የሚመች አዲስ አጻጻፍ ፈጥሮ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። ከረጢቱን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ፤ ከታች በደቂቅ ፊደል «የኢትዮጵያ ምርት» ይላል።

ከጎኑ ደግሞ ሌላ ከረጢት። ነጭ፣ ወፈር ያለ ፍሬ። እህቴ ናት የለየችው፦ «ሱፍ!» እሱም ለወፍ ነው፤ ካርዲናል ለሚሏት ቀይ ወፍ። የሱፍ ፍትፍት የጾም ጌጥ ሆኖ ያደግን ሁለት ሰዎች፣ ኑጉንና ሱፉን ጎን ለጎን በወፍ መደርደሪያ ላይ አግኝተን ቆመን ቀረን።

መግዛቱንስ እገዛው ነበር። ግን ለሰው ምግብነት እንዳልተዘጋጀ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ መልካም ምክር ነው፣ አልተላለፍኩትም። በዚያ ላይ አሜሪካ የሚገባ ኑግ በ120 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ደቂቃ መታመስ አለበት። ምክንያቱ ከኑጉ ጋር ተደባልቆ የሚገባ የጥገኛ አረም ዘር ነው፤ በቅሎ ማሳቸውን እንዳይወርር ይፈሩታል። ስለዚህ ኑጉ ራሱም ቢዘሩት እምብዛም አይበቅልም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ሌላ የአገር ቤት እህልና ቅመም ፍለጋ በየሱቁ ስዞር ሰነበትኩ። እህቴ ከሥራ ደክማ ብትመጣም ቀርታ አታውቅም። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» እያለች ቁልፏን ታነሳለች።

ጤፍን ያገኘሁት በተራ ሱፐርማርኬት፣ ከግሉተን ነፃ የሆነ ምግብ በሚደረደርበት ጥግ ነው። ግማሽ ኪሎ ያህል በምትሆን ከረጢት ታሽጎ፣ ለገንፎና ለብስኩት ይሆናል ተብሎ ይሸጣል። የሐበሻ ሱቅ ያለው ግን በትልልቁ ከረጢት ነው፤ የአይዳሆ ጤፍ። ይህን ያመጣው ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ጤፍን አወቀ፤ አገሩ ተመልሶ በስኔክ ወንዝ ሸለቆ ዘራው፤ ገዢ የሆኑትም በስደት የሄዱት ወገኖቻችን ናቸው። ኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል፣ የብዙ ሐበሻ ቤት ሌማት ባዶ ያልሆነው በዚህ ጤፍ ነው። እህቴ እሱኑ ከሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ጋር ታቦካዋለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ እንጀራም አለ፤ ለእንግዳ ሲሆን ያንን ትገዛለች።

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ጤፍ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ጤፍ ተባለ፤ ከግሉተን ነፃው ጥግ ላይ እንኳ ስሙን አልቀየሩትም። ኑግ ግን ስሙን አጣ። ልዩነቱ የገባኝ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ሰልፍ ይዤ ሳለሁ ነው። ጤፍን ተከትለው የሄዱ፣ «ጤፍ አለ?» እያሉ በስሙ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩት። ኑግን ግን የሚበላው ሰው አልተከተለውም፤ በጆንያ ተጭኖ ብቻውን ሄደ፤ ወፍ ደግሞ ስም አትጠይቅም።

የጎመኑ ነገር ልቤን ነካው። ሰፊ ቅጠሉን፣ «ኮላርድ» የሚሉትን፣ እየመረጥን ሳለ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት አጠገባችን ቆመው እንዴት እንደምንሠራው ጠየቁን። በዘይትና በሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምረን አልናቸው። እሳቸው በጢስ ከደረቀ የተርኪ እግር ጋር ረዘም ላለ ሰዓት እንደሚቀቅሉት፣ ለአዲስ ዓመትም ከቤታቸው እንደማይጠፋ ነገሩን። «ከእናቴ ነው የተማርኩት፣ እሷም ከእናቷ» አሉ። ከዚያ ከእኛ እጅ ያለውን እስር ወስደው ከሥር ደህናውን መርጠው ሰጡን፤ ግንዱ ቀጭን የሆነውን። እናታችንም ገበያ ላይ እንዲህ ነበር የምትመርጠው። እህቴ መኪና ውስጥ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ላንግሊ ፓርክ ካሉት የህንድ ሱቆች አብሹን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ እርዱን በአንድ ፌስታል ይዘን ወጣን። ስማቸው ሌላ ነው፤ አፍንጫ ግን ይለያቸዋል። ሄሉም አለ፤ ኮረሪማ ግን ሄል አይደለም፣ ማንም ቢል አትስሙ። ከማዕከላዊ አሜሪካ የመጡ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ደግሞ «ሩዳ» የሚሉት ቅጠል በእቅፍ ታስሮ ቆሟል፤ ክፉ መንፈስ ያርቃል ብለው ይገዙታል። አሽተን አሸተትነው፤ ጤና አዳም! የዚያን ዕለት ቡና በጤና አዳም ጠጣን። ኮሰረት ግን በሄድንበት ሁሉ የለም። ቅቤ አንጥራችሁ ለምትልኩ፣ ቅቤውን ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል፤ ደረቅ ኮሰረት ላኩ።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከረጢት ኑግ ገዝተን ለጎረቤቷ ወሰድንላቸው። አገራችን ውስጥ ይህን ሰው እንደሚበላው ስንነግራቸው ሽማግሌው ገረማቸው፤ ስሙን እንድንጽፍላቸው ጠየቁ። እህቴ በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ጽፋ ሰጠቻቸው። ጠዋት ላይ ወፎቹ መጡ፤ ክረምቱ ስላለፈ ወንዶቹ ቢጫ መልበስ ጀምረዋል።

በገባንባቸው ሁለት የሐበሻ ሱቆች ለሰው የሚሆን ኑግ ጠይቀን አጣን። ከአገር በጆንያ እየተጫነ የሚወጣ እህል ለሚጾመው ወገን የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም። ላኪዎቻችን፣ የወፉን ላኩ፤ ግን ተነፍቶ፣ ተለቅሞ፣ ለሰው እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ኑግ በሁለት ኪሎ ከረጢት ለእነዚህ ሱቆችም ላኩ። ከረጢቱም ላይ «ኑግ» ብላችሁ ጻፉበት።