ያልተነካ ሞተር

ጎንደር ውስጥ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የሚጠራት አንዲት ቃል አለች፦ "ያልተነካ"። ቀለሙ ያልተነካ፣ ካምቢዮው ያልተነካ፣ ሞተሩ ያልተነካ። ለሙሽራ የሚነገር ነው የሚመስለው። አባቴ ዲኤክሱን በ1987 ዓ.ም ሲገዛ የተነገረው ይኸው ነበር። ቃሉን ከመኪናው ጋር አብሮ ተረከበና ለ24 ዓመት ለጎረቤቱም፣ ለዘመዱም፣ "መምህር፣ አይሸጡትም?" ብሎ ለሚያስቆመው መንገደኛም ሲደግመው ኖረ። "ሞተሩ እጅ አልገባበትም" ይላል። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

በ2011 ዓ.ም ያ ሞተር ወርዶ ሲከፈት አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ዲኤክስ የምንለው ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70ን ነው። በብዙዎቹ ላይ ያለው ሞተር 4ኬ ይባላል፦ አራት ሲሊንደር፣ 1,290 ሲሲ፤ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 73 ሚሊ ሜትር። የዚህ ሞተር ዘር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣው ከመጀመሪያው ኮሮላ ነው። ጉልበቱ የሚወራለት አይደለም። ግን መኪናው ቀላል ነው፣ የሚገፋውም በኋላ ጎማው ነው። ለዚህ ነው የአዲስ አበባ ልጆች ዝቅ አድርገው፣ ሰፋ ያለ ቸርኬ አስገብተው፣ ማርሚታውን አስጩኸው እንደ ስፖርት መኪና የሚነዱት። ከዚሁ ከኮሮላ ቤተሰብ የወጣው ኤኢ 86 በጃፓን የተራራ መንገዶች ላይ ስሙ የገነነ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይህን የደረሰበት ቀን "አባባ እኮ ስፖርት መኪና እየነዳ አያውቀውም!" ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አባባ በዚያ መኪና ከ60 በላይ ሲነዳ ያየው ሰው የለም። የጫነበት ገብስ፣ ጌሾ፣ በግ፣ የፈተና ወረቀት፣ አንዴ ደግሞ ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ነው።

ቤታችን ኮሶዬ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ኮሶዬ ስትደርስ ከ2,800 በላይ ወጥተሃል። አፋፉ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነቅላሉ፣ ከስር ቆላው እስከ ዓይን ማረፊያ ተዘርግቷል። አባቴ ዳባት ሒሳብ ያስተምር ስለነበር በአምባጊዮርጊስና በገደብዬ በኩል ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቆጣሪው ራሱ አያውቅም፤ ቆጣሪው የቆመው መንገዱ ገና ጠጠር ሳለ ነው።

በዚያ ዓመት ክረምት መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ። ጥቁር ጭስ ቢሆን ቤንዚን በዛ ይባላል፣ የማይጠፋ ነጭ ቢሆን ውኃ ገባ ይባላል። ሰማያዊ ግን ዘይት ነው። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ዘይት መጨመር ሆነ። ካንዴላው ሲወጣ ዘይት ጠግቦ ይወጣል።

መጀመሪያ ያየው ወጣት መካኒክ የግፊት መለኪያውን በየካንዴላው ቀዳዳ አስገብቶ ሞተሩን በሞተሪኖ አስዞረና አነበበ፦ 7፣ 7፣ 6.5፣ 4.5። መጽሐፉን ገልጦ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ሞቷል። ሌላ ሞተር ፈልጉ።"

ሁለተኛው ሰው ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙ የማያንስ፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ ሽማግሌ ናቸው። ቁጥሮቹን ሰምተው "የት ነው የለካው?" አሉኝ።

"እዚሁ፣ ደጋ ላይ።"

"እህ። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ እኮ ነው።"

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበር። በ2,800 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር የሚጨምቀው የሳበውን አየር ነውና ከታች 11 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እኛ ዘንድ 8 አካባቢ ቢያሳይ አይታማም። ስለዚህ ደገኛ መካኒክ ሲሊንደሮቹን የሚያስተያየው እርስ በርሳቸው ነው። ሦስቱ ደክመዋል፣ አልሞቱም። የታመመው አራተኛው ነው። ሽማግሌው በአራተኛው ቀዳዳ ግማሽ ማንኪያ ዘይት አፍስሰው ደግመው ለኩ፤ 4.5 የነበረው ወደ 6.5 ዘለለ። ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖታል ማለት ነው። ችግሩ ቫልቩ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ብዙም ባልተነቃነቀ። የፒስቶኑ ቀለበቶች፣ ፋሻ የምንላቸው፣ ግድግዳውን አልያዙም።

"ይወርዳል" አሉ። ሞተር ማውረድ ማለት ምን እንደሆነ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ከልጅ ትምህርት ክፍያ የሚስተካከል ውሳኔ ነው።

ሲፈታ የሰማሁት ቋንቋ ለብቻው ገረመኝ። ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ጋርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። በእኛ ደጅ የሚያልፈውን፣ ደባርቅን ተሻግሮ ሊማሊሞን የሚወርደውን የመኪና መንገድ የሠራው በወረራው ዘመን የመጣው ጣሊያን ነው። ጎንደር ላይ የነበረው ጦሩ በኅዳር 1934 ዓ.ም እጁን ሰጠ። ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ፤ ጣሊያን አገር በካርታ እንኳ የማያውቅ ረዳት ዛሬም "ቴስታታውን አንሳ" ሲባል ያነሳል።

ቴስታታው ተነሳ። ሽማግሌው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ሲሊንደሩ አፍ ላይ አሳርፈው ወደ ታች ሳቡትና "ንካው" አሉኝ። ነካሁት። ከላይ በኩል ጥፍር የሚያግድ ጠርዝ አለ። ፋሻው ወደ ላይ ሄዶ የሚመለስበት ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ብረት አልተበላም፣ ከዚያ በታች ያለው ተበልቷል።

ቀጥለው የፒስቶኑን ራስ በቤንዚን አጥበው ጥላሸቱን ጠረጉ። ከጥላሸቱ ስር ትንሽዬ ቁጥር ተመትቶበታል፦ 0.50።

ሁለታችንም ዝም አልን። 0.50 ማለት ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍቷል፣ ከ75 ወደ 75.50፤ ፒስቶኑም በልኩ ተቀይሯል ማለት ነው። አባቴ ከገዛው ወዲህ ሞተሩ አልተከፈተም። ስለዚህ የተከፈተው ከዚያ በፊት ነው።

"ሌላም አለ" አሉ ሽማግሌው፣ ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ክዳን እያሳዩኝ። ባዶ ነው። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ "ሞተር እንዳይሞቅ" ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። በየጋራዡ የሚሠራ ነገር ነው። እርግጥ በእኛ ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሰው መፍራቱ አይፈረድበትም፤ ለዚህ ግን ራዲያተሩ ግፊት የሚይዝ ክዳን ተሠርቶለታል። ኮሶዬ ላይ ጠዋት ውርጭ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር አምባጊዮርጊስ እስኪደርስ እንኳ በቅጡ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚኑ ሳይተን ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ዘይቱን ያጥበዋል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። የአባቴ ሞተር ተበርዶ ነው ያረጀው።

"ለመምህር እንነግራቸዋለን ወይስ ይቅር?" አሉኝ ሽማግሌው።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አባቴ ያኔ 70 ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ብዙ ነገር ከእጁ ወጥቷል፤ ያቺ ቃል ግን አልወጣችም። መኪናው የሱ ነው፣ ገንዘቡም የሱ ነው፤ ምን ያህል ብረት እንደቀረው ሳያውቅ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም። ፒስቶኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።

መነጽሩን አደረገ። ቁጥሩን አነበበ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ "አራቱም ላይ አለ?" አለ።

"አራቱም ላይ።"

"ሰውዬው ዋሸኝ ማለት ነው።" ቆየት አለና፣ "ወይ እሱንም ዋሽተውት ይሆናል" አለ። ፒስቶኑን አገላብጦ አየው። "ማንም ይሥራው፣ ደህና አድርጎ ሠርቷል። 24 ዓመት ነድቼዋለሁ።"

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባ። የፒስቶን ትርፍ ልክ በገበያ የሚገኘው በሩብ ሚሊ ሜትር እርከን ነው፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00። ከዚያ በላይ ግድግዳው ስለሚሳሳ አይደፈርም፤ ቢደፈር ስሊቭ ማስገባት ነው፣ እሱም ሌላ ወጪና ሌላ ጥበብ ይፈልጋል። እኛ 0.50 ላይ ነን። 0.75 ከበቃ አንድ ዕድል ይተርፋል። 1.00 ከሆነ የመጨረሻው ነው።

ሦስተኛም ምርጫ ነበር። አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ሙሉ ሞተር ይገኛል፤ ወንድሜ ይኼን ነበር የሚፈልገው፣ ያውም ተለቅ ያለውን 5ኬ። ነገር ግን የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር የመጣበት ሰነድ ይጠየቃል፣ ሊብሬው ይታረማል። ደግሞ የሚመጣው ሞተር ስንተኛ ልኩ ላይ እንዳለ ማን ያውቃል? እሱም "ያልተነካ" ተብሎ ነው የሚሸጠው። አባቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "አንዴ ይበቃኛል" አለ። "0.75ን ሞክሩ። ለሚቀጥለው ሰው ይትረፍለት።"

ቶርኖ ቤት ይዘነው ሄድን። ሲሊንደር ሲበላ በክብ አይበላም፤ ፒስቶኑ ወደሚደገፍበት ጎን ያደላል። አራተኛው በሰፊው በኩል 75.70 ደርሷል፤ 0.75 ማለት 75.75 ነው። ከቁጥሩ ቦታ ያለ ይመስላል። ማሽኑ ግን የሚቆርጠው ከመሐል ተነስቶ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው፣ መበላቱ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ነው። ባለሙያው ከሌሎቹ ሳይጀምር አራተኛውን ብቻ በጥንቃቄ አወጣና በባትሪ አበራበት። ዙሪያውን ንጹሕ ብረት ያበራል፤ በአንድ በኩል ብቻ የጥፍር ስፋት የሚያህል ጠቆር ያለ ጥላ ቀርቷል። መቁረጫው ያልደረሰበት ነው።

ጥላውን ትቶ መግጠም ይቻላል። የሚገጥም አይጠፋም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ፋሻው እዚያ ጋ አይይዝም፣ በዓመቱ ትመለሱልኛላችሁ።" አንድ ሲሊንደር ለብቻው ከሦስቱ የተለየ ፒስቶን ቢይዝ ክብደቱ ስለማይመጣጠን አራቱም 1.00 ገቡ። የመጨረሻው ልክ። አባቴ በስልክ ስነግረው "እሺ" ብቻ አለ።

ፒስቶኖቹ ከሶማሌ ተራ በአውቶቡስ መጡ። ቴስታታው በማሽን ተላገ፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ተነጠፈ፤ ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ ቀስ በቀስ ጠበቁ። ቴርሞስታትም ገባ። መጀመሪያ ጎንደር ወርደን ስንመለስ ዳገቱን ሳናስጨንቀው፣ በአንድ ፍጥነትም ሳንቆይ ወጣን፤ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱ ተቀየረ። ሰማያዊው ጭስ የለም።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ተለዋውጧል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት እንደተከለከለ ተነገረ። ኤሌክትሪኩ ይምጣ፣ ደግ ነው። እስከዚያ ግን መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች የሚኖሩት በተነኩ ቁጥር ነው። ከእነሱ ውስጥ ያልተነካ ፈልጎ ማግኘት የማይመስል ነገር ነው፤ ቢገኝም አልገዛውም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ማን እንደነካው፣ በስንት ልክ እንደነካው ነው። ለእኛ ይህን የነገረን ደላላ የለም፤ የነገረን ጥላሸት ስር የተቀበረ አንድ ቁጥር ነው።

አባቴ አሁን ዋጋ ለሚጠይቀው ሰው "1.00 ላይ ነው" ይላል። አብዛኛው ሰው አይገባውም፤ የገባው ቆሞ ያወራል። ሊብሬው ውስጥ ደግሞ በመምህር እጅ ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል፦

"ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። የመጀመሪያው ከ1987 ዓ.ም በፊት፣ 0.50፣ ማን እንደሠራው አይታወቅም። ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም፣ 1.00። ከዚህ በኋላ ስሊቭ ነው። ግፊት ሲለካ ከፍታው ይታሰብ። ቴርሞስታት አለው፤ አታውጡት።"