ዊንጌት የማን ስም ነው?

አንድ የእብናት አዛውንት ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ታክሲ ሲጠብቁ ረዳቱ «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ይጣራል።

«ዊንጌት ማነው?»

«ሰፈር ነው አባዬ።»

«ሰፈሩንማ ሰማሁ። ሰውየውን ነው የጠየቅሁህ።»

ልጅ ዝም አለ። በየቀኑ የሚጠራውን ስም ባለቤት አያውቀውም።

ሰውየው ኦርድ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው። በ1933 ዓ.ም. ጌዴዎን የተባለውን ጦር ይዞ ከጎጃም አርበኞች ጋር ጣሊያንን ተዋጋ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አብሮ ነበር። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. ህንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የሟቾቹ አስከሬን ሊለይ ስላልቻለና ከመካከላቸው አሜሪካውያን ስለነበሩ፣ ዛሬ የጋራ መቃብራቸው አሜሪካ፣ አርሊንግተን ነው።

ስሙ ግን አልተቀበረም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሆነ። ጄኔራል ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ልጆች ያድሩበት ስለነበር፣ በአንድ ዘመን «ዊንጌት ነው የተማረው» ማለት «ጎበዝ ነው» ማለት ነበር። መለስ ዜናዊም የተማሩት እዚያ ነው። ቀጥሎ ስሙ ሰፈር ሆነ፤ ከዚያ አደባባይና የታክሲ መዳረሻ።

እስራኤል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነው። ፍልስጤም ሳለ የአይሁድ ተዋጊዎችን አሠልጥኖ ነበርና፣ እዚያ «ዊንጌት» የስፖርት ተቋም ነው። ኦርድ የሚለው ስሙም «የሚን ኦርድ» በተባለው የወጣቶች መንደር ውስጥ አለ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች ያደጉት በዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ዊንጌት የሰውየው የግል ስም አይደለም፤ የዘር ስም ነው። የሱዳን ገዥ የነበሩት የአባቱ የአጎት ልጅም ዊንጌት ናቸው። እንግሊዝ ስሙን ለልጅ ልጅ ያወርሳል። የእኛ ስም ግን መታወቂያ ላይ ከአያት አያልፍም።

የአዛውንቱ አባት የበጌምድር አርበኛ ነበሩ። ደብረ ታቦር ነፃ የወጣችው በ1933 ክረምት፣ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዊንጌት ከኢትዮጵያ ወጥቷል፤ የእብናቱ አርበኛ ግን ገና ዱር ነበሩ። ስማቸው ዛሬ የሚገኘው በልጃቸው ልጅ መታወቂያ ላይ፣ ሦስተኛው ቦታ ነው። ከእሱ ለሚወለደው ልጅ መታወቂያ አይተርፍም።

የዊንጌት ስም ይነሣ ማለት አይደለም። ሰውየው ለዚህች አገር ታግሏል፤ ስሙም የከተማው ቋንቋ ሆኗል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የእንግዳውን ስም ረዳት በየቀኑ ሲጠራልን፣ የራሳችንን ማን ይጥራልን?

ማታ አዛውንቱ የልጅ ልጃቸውን አስቀምጠው «ሰባት ቤት ቁጠር» አሉት። የራሱን፣ የአባቱን፣ የእሳቸውን ስም ጠራና ቆመ። ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦

«ንገረው።»