ከአላይመንቱ በፊት

ቁይ

ለምሳሳልሽ ልጄ፤

እናትሽ ከደወልሽበት ቀን ጀምሮ «የልጄ መኪና ምን ሆነ?» ማለቷን አልተወችም። ፍጥነቱ ስድሳ ሲሞላ ከፊት በኩል ያጉረመርማል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ አላይመንት አሠራዋለሁ ብለሻል። እኔ «ቆይ» ብዬሽ ዘጋሁ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ይኼን የምጽፍልሽ።

አላይመንት የመጨረሻ ሥራ ነው። ማሽኑ ልክ የሚናገረው ጎማው በቦታው ጸንቶ ከቆመ ነው። ኩሽኔታው ላልቶ፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ ተበልቶ እያለ የሚወጣው ቁጥር የዚያች ደቂቃ ቁጥር ነው፤ ከጋራዡ ወጥተሽ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይለወጣል። ገንዘብሽ ይወጣል፣ ጎማሽም መበላቱን አይተውም። በሚቀጥለው ወር ደግሞ አባይን ወርደሽ አዲስ አበባ ልትሄጂ ነው። እኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

ሥራውን እዚህ ቁይ መጥተሽ ትሠሪዋለሽ፤ መጀመሪያ ግን ድምፁን ለዪ። ማርሽ ስትቀይሪ ሳይለወጥ ከፍጥነትሽ ጋር ብቻ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ከጎማ በኩል ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ቀስ ብለሽ ወደ ግራ ስትታጠፊ ክብደቱ ወደ ቀኙ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ጉርምርምታው ከበረታ የቀኙን ጠርጥሪ። ጎማው ራሱ ወጣ ገባ ሆኖ ሲበላም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚሰጥ ላዩን በመዳፍሽ ዳብሺው።

ቀጥሎ በክሪክ አንሺው። የእኛን ጥቁር አፈር ታውቂዋለሽ፤ ክሪክ ይውጣል። ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጊ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፊ፣ አክስሉንም በብረት ማቆሚያ ላይ አስቀምጪው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅሽን እንኳ እንዳታስገቢ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘሽ ነቅንቂው። ከተነቃነቀ ወንድምሽ ፍሬን ይርገጥልሽ። ፍሬን ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን ጎማው ከመሪው ጋር የሚዞርበት የጉልበቱ ኩሽኔታ ነው፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘሽ ስትነቀንቂው ብቻ ከላላ የመሪውን ዘንግ ጫፎች እዪ። ይኼን ሁሉ ለማወቅ ጉልበት እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም።

ሃርድ ቶፕ መኪናሽ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ውስጥ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሏት፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ፣ ፊት ለፊት ተገጣጥመው። ይኼን ዓይነት ኩሽኔታ በ1898 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን የሚባል አሜሪካ የኖረ ሠረገላ ሠሪ ነው። ሠረገላ ሲታጠፍ ጎማው ከላይ ክብደት ይሸከማል፣ ከጎንም ይገፋል፤ ሾጣጣዎቹ ሮለሮች ሁለቱንም ስለሚችሉ ነው እስከ ዛሬ የምንጠቀምባቸው። ነገር ግን እነዚህ ኩሽኔታዎች ልካቸውን ከሰው እጅ ይጠብቃሉ። ዳዶው ላልቶ ከታሰረ ጎማው ይወላገዳል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ይግላል፣ ግሪሱ ይቀልጣል፣ ሮለሩ ይላላጣል፤ ከዚያም አልፎ ኩሽኔታው ሊነክስና ጎማው ከነእምብርቱ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ማጥበቅን ጥንቃቄ ያደርገዋል። ልጄ፣ እዚህ ላይ ማጥበቅ አደጋ ነው።

ስትፈቺው የፍሬኑን መንከሻ በሽቦ ከባሌስትራው ላይ እሰሪው፤ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ትልቁን ዳዶ በመሮና በመዶሻ እየመቱ የሚፈቱ አሉ፤ አፉ ተበልቶ ሁለተኛ ልክ አይያዝም። የ54 ቁልፉ እኔ ጋ አለ። አሮጌውን ግሪስ በናፍጣ እጠቢውና ኩሽኔታውን ብርሃን ላይ አዙረሽ እዪው። ሰማያዊ የሆነ፣ የተላላጠ ወይም ጉድጓድ ያወጣ ካለ ይጣላል፤ ሲጣልም እምብርቱ ውስጥ ከተመታው የውጭ ቀለበቱ ጋር ነው። አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስገባት አዲሱን ማበላሸት ነው። ቀለበቱን በነሐስ ዘንግ ዙሪያውን እኩል እየመታሽ አውጪው። ስትገዢ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን የሚል ይሁን፤ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከወረደ ግን ስሙ ቢጻፍበትም አትመኚው። የጃፓኑን ካርቶን አስመስሎ የሚያትም ሞልቷል።

ግሪሱን በመዳፍሽ ያዢና ኩሽኔታውን በሰፊው አፉ በኩል ግፊበት፣ በማዶ በሮለሮቹ መሃል ብቅ እስኪል። ላዩን መቀባት ምንም አይጠቅምም። ኦይል ሲሉን ሁልጊዜ በአዲስ ለውጪ። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች በክረምት ስትሻገሪ፣ የጋለው እምብርት በቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲበርድ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃ ይስባል። ከዚያ ግሪሱ ነጭ ይሆናል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ያንቺም ነገር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ በነሐሴ ስትመጪ መሻገሪያው ሞልቶ ነበር።

አሁን ዋናው። ዳዶውን መጀመሪያ በ59 ኒውተን ሜትር አጥብቂ፣ እምብርቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ደጋግመሽ አዙሪው፣ እንደገና አጥብቂ። ከዚያ በእጅ እስኪዞር አላዪው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቂት በጥቂት ነው። እናትሽ ቅቤ የምትመዝንባት ተንጠልጣይ ሚዛን አለች አይደል? መንጠቆዋን በጎማው ቡሎን ላይ አግቢና እምብርቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ሳቢያት። እምብርቱ መዞር ሲጀምር ሚዛኗ ከ2.8 እስከ 5.7 ኪሎ ማሳየት አለባት። ካነሰ ትንሽ አጥብቂ፣ ከበዛ አላዪ። መቆለፊያውን ዳዶ ካሰርሽ በኋላም መልሰሽ ለኪ፣ እሱ ሲጠብቅ ልኩን ስለሚያዛንፈው። እኔ ቁጥሩን እንደማውቀው ነው የጻፍኩልሽ፤ አንቺ የመኪናሽን የጥገና መጽሐፍ ከፍተሽ አመሳክሪ። እናትሽ ሚዛኗን ለዚህ ስንወስድባት እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ታጥባ ትመለሳለች በያት።

ይኼ ሁሉ ካለቀ ወደ አላይመንቱ። የሃርድ ቶፕ የፊት አክስል አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ በመደበኛው ሥራ የሚስተካከለው የጎማዎቹ የፊት አፍ መቀራረብ ብቻ ነው። ሌሎቹ የጎማ ዝንባሌዎች ከተዛቡ አክስሉ ታጥፏል ወይም ባሌስትራው ደክሟል ማለት ነው፤ ማሽን ላይ አቁሞ «አስተካከልኩት» የሚል ካለ ምኑን እንዳስተካከለ ጠይቂው። መቀራረቡን እኛው ግቢ እንለካዋለን። መሪውን ቀጥ አድርገን፣ በሁለቱ ጎማዎች ፊት በአክስሉ ቁመት ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን፣ በምልክቶቹ መሃል ያለውን እንለካለን። ከዚያ መኪናውን ወደ ፊት ገፍተን ያው ምልክት ወደ ኋላ ሲዞር እንደገና እንለካለን። የፊቱ ከኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ካዩ ግን አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ እንደሚጎትት ጥማድ በሬ ይሆናሉ፤ መሪው አያርፍልሽም፣ የጎማው ጠርዝም እንደ መጋዝ ይበላል። በመሪው ዘንግ እናስተካክለውና ማርቆስ ስትመለሺ በማሽን አረጋግጪው። ያኔ የምትከፍይው ብር ዋጋ ይኖረዋል።

ለምን አንቺው እንድትሠሪው እንደምፈልግ ልንገርሽ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የአባይ ቁልቁለትና ዳገት እኔ ዕድሜዬን ነድቼበታለሁ። ከሺህ ሜትር በላይ ስትወርጂ የፍሬኑ ሙቀት ወደ እምብርቱ ይገባል፤ በደህና ቀን ያላስታወቀ ኩሽኔታ እዚያ ያስታውቃል። እኔ አጠገብሽ አልኖርም። ያን ዳዶ በገዛ እጅሽ ለክተሽ ያሰርሽው ከሆነ ግን ድምፅ ስትሰሚ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ መቆም ያለብሽም ቦታ ትቆሚያለሽ።

ወደዚህ ከመነሳትሽ በፊት እዚያው ከተማ ውስጥ ጥቂት ነድተሽ ሁለቱንም እምብርቶች በመዳፍሽ ጀርባ ቀስ ብለሽ ንኪ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ መኪናውን አታንቀሳቅሺው፤ ደውይልኝና እኔ ቁልፉንና ሚዛኗን ይዤ በአውቶቡስ እመጣለሁ። እኩል ከሆኑ በቀን፣ ዝግ ብለሽ ነይ። ኩሽኔታውን ከነቀለበቱ፣ ሁለት ኦይል ሲልና አንድ ቆርቆሮ ግሪስ ይዘሽ ነይ፤ ናፍጣና ጣውላ እዚህ አለ።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። በደህና ያገናኘን።

አባትሽ