የማይታየውን ኦክስጅን የሚያሳይ እድፍ

ኦክስጅን በምድር ቅርፊት ውስጥ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ሁሉ በብዛት ይገኛል፤ የማዕድናት፣ የሴራሚኮችና የብዙ ባትሪ ኤሌክትሮዶች አጥንትም እርሱ ነው። ይሁንና ጠጣር ቁሶችን በኒውክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስ (ኤንኤምአር) ለሚያጠና ሰው ይህ ሁሉ ኦክስጅን የሌለ ያህል ነው። ኦክስጅን-16 የኒውክሌር ስፒን ስለሌለው ለመሣሪያው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ኦክስጅን-17 ሲሆን የተፈጥሮ ድርሻው 0.038 በመቶ ብቻ ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በ9.4 ቴስላና በክፍል ሙቀት፣ ብርቱ ማግኔታዊ ጠባይ ያለው ፕሮቶን እንኳ ከአንድ ሚሊዮን ኒውክለሶች ውስጥ ለሲግናሉ የሚያተርፈው 32 ገደማ ነው፤ የቀሩት እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። የኦክስጅን-17 ከዚህም ያንሳል። ልኬቱን ደጋግሞ መደመር ይቻላል፤ ነገር ግን ጫጫታውም አብሮ ስለሚደመር ሲግናሉን 10 እጥፍ ለማጥራት 100 እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። ናሙናውን በኦክስጅን-17 ማበልጸግ ደግሞ ውድ ነው፤ ለዚሁ ሲባል እንደ አዲስ የተሠራው ቁስ መጀመሪያ ሊጠና የታሰበው ቁስ ስለ መሆኑም ሁልጊዜ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

የኤሌክትሮን ማግኔታዊ ኃይል በአንጻሩ ከፕሮቶን 658 እጥፍ ይበልጣል። አልበርት ኦቨርሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1953 የኤሌክትሮኖችን ፖላራይዜሽን ለኒውክለሶች ማጋባት እንደሚቻል ሲናገር በዘመኑ የታወቁ የፊዚክስ ሊቃውንት ተጠራጥረውት ነበር፤ ካርቨርና ስሊክተር በዚያው ዓመት በብረታማ ሊትየም ላይ አረጋገጡለት። ዛሬ የተለመደው መንገድ ናሙናውን ናይትሮክሳይድ ራዲካል በያዘ ፈሳሽ አርሶ፣ ወደ 100 ኬልቪን ገደማ አቀዝቅዞ፣ በማይክሮዌቭ መምታት ነው። ለፕሮቲን ድንቅ ዘዴ ነው። ማይክሮን ለሚያህል የኦክሳይድ ቅንጣት ግን ራዲካሉ ደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው፤ ጥቅሙ ከቅንጣቱ ገጽ ብዙ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ስለዚህ ኤሌክትሮኑን ከውስጥ ማስቀመጥ ታሰበ። ክሪስታሉ ሲሠራ ጥቂት የማንጋኒዝ፣ የብረት ወይም የጋዶሊኒየም አዮን ይሰርግበታል። (ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አይደለም፤ በ1960ዎቹ በበርክሊ ጄፍሪስና ባልደረቦቹ፣ ጥቂት ኒዮዲሚየም በተቀላቀለበት የላንታነም ማግኒዝየም ናይትሬት ክሪስታል ውስጥ፣ እጅግ ዝቅተኛ በሆነ ሙቀት፣ የፕሮቶኖችን ፖላራይዜሽን ከግማሽ በላይ አድርሰውት ነበር።) ለኤንኤምአር ተማሪ ግን ነገሩ የተማረውን ይገለብጣል። ፓራማግኔታዊ አዮን እድፍ ነው፤ መስመር ያሰፋል፣ ሲግናል ያጠፋል፣ ናሙናውም ከእርሱ እንዲጸዳ ይመከራል። በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም የሚካል ሌስከስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ሥራ፣ ማንጋኒዝ በሰረገበት የሊትየም ቲታኔት አኖድ ውስጥ የኦክስጅን-17 ሲግናል ያለ አንዳች ማበልጸግ እስከ 142 እጥፍ ጎላ። ወደ ጊዜ ሲመነዘር ከ20,000 እጥፍ በላይ ነው።

የዘዴው ውበት ያለው በርቀት ስሌቱ ላይ ነው። አዮኑ ለኒውክለሱ ፖላራይዜሽን የሚሰጥበት ፍጥነት በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ይቀንሳል። የሰጠውን መልሶ የሚወስድበት፣ ማለትም ኒውክለሱን ወደ ሚዛኑ የሚመልስበት ፍጥነትም ልክ እንዲሁ ይቀንሳል። ሰጪውም ነሺውም ያው አንድ አዮን ሲሆንና ሌላ የሪላክሴሽን ምንጭ ጣልቃ ሳይገባ ሲቀር ሁለቱ ይጣፋሉ፤ በመሆኑም ቅርብ ያለው ኒውክለስና ሩቅ ያለው በመጨረሻ እኩል ይጎላሉ። ሩቅ ያለው ይዘገያል እንጂ አይጎድልበትም። እድፍ ያስባለው ጠባይ ራሱ እዚህ ላይ የእኩልነት ዳኛ ሆኗል።

ይሁን እንጂ 142 የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲነገር ያሳስታል። ቁጥሩ በዚያው አዮን በሰረገበት ናሙና ውስጥ ማይክሮዌቩ ሲበራና ሲጠፋ የተገኙት ሲግናሎች ንጽጽር ነው። ለአዮኑ እጅግ ቀርበው ሲግናላቸው የጠፋባቸው ኒውክለሶች በአካፋዩም በተካፋዩም ውስጥ የሉም። በሌላ በኩል አዮኑ ልኬቱን ቶሎ ቶሎ ለመድገም በማስቻሉ የሚገኘው ትርፍም በቁጥሩ ውስጥ አልተቆጠረም። ሐቀኛው ንጽጽር አዮን ካልገባበት ናሙና ጋር፣ በእኩል ጊዜ፣ በእኩል ክብደት የሚደረገው ነው፤ ይህን ከማጉያው ቁጥር ጎን አለማስፈር የአንባቢን ፍርድ መንፈግ ነው። ሲበዛ ማርም ይመራልና፣ የአዮኑ መጠን ሲጨምር አዮኖቹ እርስ በርሳቸው ይረባበሻሉ፤ የማይታየው የክሪስታሉ ክፍልም ይሰፋል።

ሌላም ጥያቄ አለ። የሚሰርገው አዮን ቻርጁ ከተተካው አዮን የተለየ ከሆነ ክሪስታሉ ልዩነቱን በጉድለት ወይም በሌላ መንገድ ማካካስ አለበት። እነዚህ ለውጦች በብዛት የሚጠበቁት ደግሞ በአዮኑ አጠገብ ነው። ብርሃን ሰጪ ቁሶችን ለሚያጠና ሰው ዋናው ምስጢር ያለው እዚያ፣ በማንጋኒዙ ዙሪያ ባሉት ጥቂት ኦክስጅኖች ዘንድ ነው፤ እነርሱ ደግሞ በማንጋኒዙ ብርታት ከስፔክትረሙ የተሰወሩት ናቸው። እነርሱን ለማግኘት ኤንኤምአሩን ትቶ ኤሌክትሮኑን ራሱን በኤሌክትሮን ፓራማግኔታዊ ሬዞናንስ መጠየቅ ግድ ይላል።